«ጎማው ሸፈፈ»፦ ስለ ፒክአፕ የፊት ጎማ አበላል ስያሜዎች

የሙያ ቃል የሚሰይመው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በዓይን የሚታየው፣ በእጅ የሚዳሰሰው ምልክት ሲሆን ሁለተኛው ከምልክቱ በስተጀርባ ያለው ምክንያት ነው። በሕክምና ዘንድ ይህ ልዩነት ከታወቀ ቆይቷል፤ ትኩሳት የበሽታ ምልክት እንጂ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። በተሽከርካሪ ጥገና ቋንቋ ግን ምልክቱና ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ይጠራሉ። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በአንድ ጠባብ መስክ፣ ይኸውም በፒክአፕ መኪና የፊት ጎማዎች ያልተስተካከለ አበላል ላይ ተመሥርተን እንመለከታለን። መስኩ ጠባብ ቢሆንም ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ የፊት ጎማ መሪን የሚታዘዝ በመሆኑ፣ በስያሜ ስሕተት ሳይመረመር የቀረ አንድ የላላ መጋጠሚያ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

አማርኛ ለጎማ ማለቅ የሚጠቀምበት ግሥ «በላ» ነው። ሾፌሮች «መኪናው ጎማ ይበላል»፣ «ይህ መንገድ ጎማ ይበላል»፣ «ጎማው በአንድ ጎን ተበልቷል» ሲሉ እንሰማለን። ሦስቱ አነጋገሮች እኩል ዋጋ የላቸውም። በመጀመሪያው ተከሳሹ መኪናው ነው፤ በሁለተኛው መንገዱ ነው፤ በሦስተኛው ግን ባለቤቱ ተሰውሮ የሚነገረው የታየው ነገር ብቻ ነው። ለምርመራ መነሻ የሚሆነው ይህ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ «አነጋገር»፣ «አካሄድ» በተባሉበት አገባብ «አበላል» የሚለውን ስም እንመርጣለን፤ «መበላት» ድርጊቱን ሲናገር «አበላል» የድርጊቱን መልክ ይናገራልና።

ከዚህ የበለጠ ደስ የሚያሰኝ ቃል ከጫማ ዘንድ እናገኛለን። አረማመዱ ያልቀና ሰው ጫማውን በአንድ ጎን ሲጨርሰው ጫማው ሸፈፈ ይባላል። በአንድ ጠርዙ ብቻ ያለቀ ጎማ ከዚህ የተለየ ነገር አልደረሰበትም። «የአንድ ወገን ጠርዝ አበላል» ብሎ አራት ቃል ከመደርደር «መሸፈፍ» ማለት ይበቃል፤ አንባቢውም ትርጉሙን ለማወቅ መዝገበ ቃላት አይገልጥም። ቃሉ ሌላም ጥቅም አለው። የሸፈፈ ጫማ ያየ ሰው ጥፋቱን ከቆዳው ሳይሆን ከእግሩ ወይም ከአረማመዱ ይፈልጋል፤ የትኛው እንደሆነ ግን ከጫማው ብቻ አያውቅም። ለጎማም የምንሻው ጥንቃቄ ይኸው ነው።

«ጎማ» የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እንደ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶና ክሪክ ያሉትም ከዚያው ምንጭ የተገኙ የጋራዥ ቃላት ናቸው። በአማርኛ ግን ትርጉሙ ሰፍቶ የላስቲኩን ዓይነት፣ በቸርኬው ላይ የሚለበሰውን አካል፣ አልፎም ቸርኬውን ጨምሮ የሚሽከረከረውን ሁሉ ለመጥራት ውሏል። «ጎማው ተበላ» ስንል ላስቲኩን፣ «ጎማው ዘመመ» ስንል ደግሞ ሙሉውን መንኮራኩር ማለታችን ነው። «መንኮራኩር» የሚለውን ለሁለተኛው ፍች መመደብ በመርሕ ደረጃ ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ ቃሉ በዛሬው አንባቢ ጆሮ ወደ ጠፈር ሸሽቷል። በበኩላችን፣ ልዩነቱ ለሥራው ወሳኝ በሆነበት ዓረፍተ ነገር ብቻ «መንኮራኩር»ን መጠቀም፣ በቀረው «ጎማ»ን እንዳለ መተው ይሻላል እንላለን።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንለፍ። ጎማው መሐሉ ተበልቶ ሁለቱ ጠርዞቹ ከቀሩ፣ ነፋሱ ከልክ በላይ መሞላቱን መጠርጠር ነው። ሁለቱ ጠርዞች አልቀው መሐሉ ከቀረ በተቃራኒው ነፋስ አንሶታል፣ ወይም ለነፋሱ ልክ ጭነቱ በዝቷል። እነዚህን «መሐል አበላል» እና «ጠርዝ አበላል» ማለት ችግር የለውም።

ክርክር ያለባቸው ሦስቱ የቀሩት ናቸው። አንደኛው ከላይ የጠቀስነው መሸፈፍ ነው። ሁለተኛው በዓይን ብዙ የማይታይ፣ በመዳፍ ግን የሚታወቅ ነው፤ እጅን በጎማው ጥርስ ላይ አግድም ሲያስኬዱት በአንድ አቅጣጫ ይለሰልሳል፣ ሲመልሱት ይቧጥጣል። እንግሊዝኛው ይህን በወፍ ላባ ይመስለዋል። ለአማርኛ አንባቢ ግን ላባ ለስላሳ ነገር ስለሆነ ምሳሌው በተቃራኒው ይመራዋል። የመጋዝ ጥርስ ግን ይህንኑ ያደርጋል፤ ስለዚህ «መጋዝማ አበላል» ብለነዋል። ሦስተኛው በጎማው ዙሪያ እዚህም እዚያም ሰርጎድ ሰርጎድ ብሎ የሚታየው ነው፤ «ስርጉዳማ አበላል» ቢባል ይስማማዋል። ጎማው መንገዱን በእኩል ኃይል ሳይረግጥ እየነጠረ ሲሄድ የሚመጣ በመሆኑ አሞርዛተሩን፣ የጎማውን ባላንስና ኩሽኔታውን ያስመረምራል።

እነዚህ ስሞች ስለ ምክንያት አንዳች አይናገሩም። የእንግሊዝኛ የጥገና መጻሕፍት ግን የሸፈፈውን ጎማ «ካምበር» በሚባለው ማዕዘን ስም፣ መጋዝማውን «ቶ» በሚባለው ማዕዘን ስም መጥራት ይወዳሉ። ተርጓሚው ይህን ቃል በቃል «የካምበር አበላል» ብሎ ሲያመጣው ለመካኒኩ ምልክት ሳይሆን ፍርድ ይሰጠዋል። መካኒኩም ካምበሩን ያስተካክላል።

ፍርዱ ለምን ሊሳሳት እንደሚችል ማዕዘኖቹን መመልከት ያስረዳል። ካምበር መንኮራኩሩ ከፊት ለፊት ሲታይ ከቆመው መስመር የሚዘምበት መጠን ነው። አናቱ ወደ ውጭ ሲዘም የውጩ ጠርዝ፣ ወደ ውስጥ ሲዘም የውስጡ ጠርዝ ይበላል። ቶ የሚባለው ደግሞ ሁለቱ የፊት መንኮራኩሮች ከላይ ሲታዩ የፊት ጫፎቻቸው ከኋላ ጫፎቻቸው ይልቅ መቀራረባቸው ወይም መራራቃቸው ነው። ለእነዚህ «ፊተ ጠባብ» እና «ፊተ ሰፊ» የሚሉትን እናቀርባለን። አማርኛ «እጀ ጠባብ»ንና «ልበ ሰፊ»ን የሠራበት መንገድ ስለሆነ ባዕድ አይመስሉም። ስሙ ሲያስፈልግ «ፊተ ጠባብነት» ይባላል።

ፊተ ጠባብነት ሲበዛ የውጩ ጠርዝ ይበላል፤ ፊተ ሰፊነት ሲበዛ የውስጡ። እንግዲህ ሁለቱም ማዕዘኖች ጎማውን ያሸፍፋሉ ማለት ነው። የሚለያቸው በአብዛኛው መዳፍ ነው፤ የካምበር ስሕተት ለስላሳ መሸፈፍን ሲተው የቶ ስሕተት የመጋዝ ጥርስ ይጨምርበታል። ጥርሱ ስል የሚሆነው እጅ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲሄድ ከሆነ ፊተ ጠባብ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲሄድ ከሆነ ፊተ ሰፊ ነው። ይህም ቢሆን ፍጹም ዋስትና የለውም፤ በራዲያል ጎማ ላይ የቶ ስሕተት አንዳንድ ጊዜ ያለ መጋዝ ጥርስ ጠርዙን ብቻ ይበላል። በጠመዝማዛ ቁልቁለት በፍጥነት የሚነዳ ሾፌርም ማዕዘኖቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ሳለ የውጭ ጠርዞችን ይጨርሳል።

የቶን ስሕተት ክብደት በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። አንድ ጎማ ከጉዞው አቅጣጫ በአንድ ዲግሪ አሥረኛ ብቻ ቢዞር፣ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 1.7 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታል። አስፋልት ላይ ላስቲክ እየፋቁ እንደ መሄድ ነው።

ሦስተኛው ማዕዘን ካስተር ነው፤ መንኮራኩሩ መሪ ሲታጠፍ የሚዞርበት ምሰሶ ከጎን ሲታይ የሚያጋድልበት መጠን ማለት ነው። በግራና በቀኝ ከተለያየ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ ጎማን በመብላት ግን እምብዛም አይከሰስም። ካምበርንና ካስተርን ወደ አማርኛ ለመመለስ «ዘመም» እና «ጋደል» የሚሉትን መዝነናል። ሆኖም በንግግር ሁለቱ ቃላት እርስ በርሳቸው ስለሚተካኩ፣ አንባቢ በየጊዜው የትኛው የቱ እንደነበር ማስታወስ ይኖርበታል። በመለኪያ መሣሪያው መስኮት ላይ የሚነበቡትም የውጭዎቹ ስሞች ናቸው። ስለዚህ የምልክቶቹን ስም ከአማርኛ አውጥቶ የሁለቱን ማዕዘኖች ስም በውሰት መያዝ ለጊዜው የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።

በጋራዥ ቋንቋ ሦስቱም ማዕዘኖች «አላይመንት» በሚል አንድ ቃል ሥር ተጠቅልለዋል። ባለ መኪናው «አላይመንት አሠርቻለሁ» ሲል ብዙ ጊዜ የተነካው ቶ ብቻ ነው። በተለይ በፒክአፕ ላይ ይህ ቃል የሚሸፍነው ነገር እንደ መኪናው አሠራር ይለያያል። በቀድሞዎቹ፣ ወጥ የፊት አክስል በባሌስትራ ላይ በተቀመጠባቸው ፒክአፖች፣ በተለመደው አሠራር የሚስተካከለው ቶ ነው፤ ካምበሩ ከአክስሉ ጋር የተሠራ በመሆኑ ከተዛባ የታጠፈ ወይም ያለቀ አካል አለ ማለት ነው። እያንዳንዱ የፊት ጎማ በራሱ ክንድ ላይ በሚንቀሳቀስባቸው ሞዴሎች ግን ካምበርና ካስተርም በብዙዎቹ ይስተካከላሉ፤ የፊቱን ቁመት ከፍ ማድረግም ማዕዘኖቹን ይለውጣቸዋል። በኋላው ሣጥን ላይ ከባድ ጭነት ሲጫንም እንዲሁ፤ ኋላው ሲወርድ ፊቱ ይነሣል። «አላይመንት ያስፈልጋል» የሚል ትርጉም ለሁለቱ ዓይነት መኪናዎች ሁለት የተለያየ ሥራ ያዛል።

ከሁሉ በፊት ሊመረመር የሚገባው የላላ መጋጠሚያ ነው፤ በላላ አካል ላይ ማዕዘን መለካት ከንቱ ድካም ነውና። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ በደጋፊ ላይ በደንብ ከተቀመጠ በኋላ ጎማው በሁለት እጅ ተይዞ ይነቀነቃል። መጻሕፍቱ የእጁን ቦታ በሰዓት ገጽ ይነግራሉ፤ 12 እና 6፣ ቀጥሎም 9 እና 3። በዚህ ላይ የአማርኛ ተርጓሚ ሰዓቱን ወደ አገራችን አቆጣጠር የመመለስ ልማድ ሊያሸንፈው ይችላል። እዚህ ጥንዶቹ ተቃራኒ ስለሆኑ ቢመልሰውም ጉዳት የለውም፤ 12 እና 6፣ 6 እና 12 ይሆናሉ። ነገር ግን መሪ በ10 እና በ2 ይያዝ የሚለውን በዚያው ልማድ ቢመልሰው 4 እና 8 ሆኖ እጆቹን ወደ ታች ያወርዳቸዋል። የሚሻለው ቁጥሩን ትቶ ቦታውን መናገር ነው። ያም ቢሆን 9 እና 3ን «ግራና ቀኝ» ማለት አይገባም፤ ጎማውን ከጎን ለሚያይ ሰው እነዚያ የጎማው የፊትና የኋላ ጫፎች ናቸው። በላይና በታች ሲነቀነቅ የሚንቋቋ ከሆነ ቦል ጆይንቱን ወይም ኩሽኔታውን፣ በፊትና በኋላ ጫፉ ከሆነ ደግሞ የመሪ ዘንጎችን መጋጠሚያ መጠርጠር ይገባል። ረዳት ፍሬን ሲረግጥ ንቅናቄው ከጠፋ ጥርጣሬው በኩሽኔታው ላይ ያርፋል።

«የውስጥ ጠርዝ» የሚለውም ማብራሪያ ይሻል። «የጎማ ውስጥ» ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ከመነዳሪ የሚገባበት ክፍል ነው። በመጀመሪያ አገባቡ «ወደ ሞተሩ ያለው ጠርዝ» ብሎ ከዚያ ወዲያ ማሳጠር አሻሚነቱን ያስቀራል። ይህ ጠርዝ መኪናው ቆሞ ሳለ ከውጭ ስለማይታይ፣ ትርጉሙ ግልጽ ካልሆነ መካኒኩ የሚታየውን ብቻ አይቶ «ጎማው ደኅና ነው» ይላል። ጎማዎች ከፊት ወደ ኋላ ተለዋውጠው ከሆነም ምልክቱ ከተፈጠረበት ቦታ ርቋል፤ ስለዚህ መመሪያው ከምርመራው በፊት ይህ እንዲጠየቅ በግልጽ ማዘዝ አለበት።

በመጨረሻ ስለ ልክ። የማዕዘን ሠንጠረዦች ዲግሪንና የዲግሪን ስድሳኛ ክፍል ይጠቀማሉ፤ በአማርኛ ይህ ስድሳኛ ክፍል «ደቂቃ» ይባላል። «ቶውን በ10 ደቂቃ አስተካክል» የሚል ትእዛዝ ለመካኒኩ የሥራ ጊዜ ገደብ ሊመስለው ስለሚችል «10 የማዕዘን ደቂቃ» ተብሎ ይጻፍ። አንዳንዱ ሠንጠረዥ ደግሞ ዲግሪን በነጥብ ይከፍላል፤ 0.30 ዲግሪ 18 የማዕዘን ደቂቃ እንጂ 30 አይደለም።