ያውቁ ኖሯል? የተለገሰ ልብስ መጨረሻው የት ነው?

በብሪታንያ ስመ ጥር የሆኑት፣ ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት የልገሳ ሱቆች የተጀመሩት በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.)፣ ኦክስፎርድ ከተማ ብሮድ ስትሪት ላይ ነው። ድርጅቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለተቸገረችው ግሪክ እርዳታ ሲጠይቅ ሕዝቡ ከተጠበቀው በላይ ልብስና ዕቃ አመጣ፤ የተረፈውን ሸጦ ገንዘቡን ለእርዳታ ለማዋል ሱቅ ተከፈተ።

ዓላማው ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር። ዛሬ ግን የእነዚህ ሱቆች ትልቁ ውለታ ለአካባቢ የዋሉት ይመስለኛል። አንድ የጥጥ ቲሸርት፣ ጥጡን ከማብቀል ጀምሮ፣ ወደ 2,700 ሊትር ውሃ እንደሚፈጅ ይገመታል። ያገለገለውን ገዝቶ አዲሱን የተወ ሰው ይህን ሁሉ ውሃ ያተርፋል።

ሳይሸጥ የቀረውስ? ኦክስፋም በ1974 በሃደርስፊልድ ከተማ ዌስትሴቨር የተባለ የመለያ ጣቢያ ከፈተ። በእንዲህ ዓይነት ጣቢያ ሠራተኞች ልብሱን በእጃቸው እያገላበጡ ያያሉ፦ አንገትጌው ነትቧል? ዚፑ ይዘጋል? ብብቱ ተቀዷል? የሚለበሰው ለሌላ ገበያ ይላካል። ያለቀለት ጥጥ ተቆራርጦ የጋራዥ መወልወያ ይሆናል፤ ሹራብና መሰሉ ደግሞ ተተልትሎ ለፍራሽ መሙያ ይውላል።

ሁሉም ግን አይተርፍም። እርጥብ ሆኖ የተሰጠ አንድ ልብስ በከረጢቱ ያለውን ሁሉ ሊያሻግት ይችላል፤ የሻገተውን ለማስወገድም ሱቁ ለእርዳታ ከሚውለው ገንዘብ ሊከፍል ይገደዳል። ስለዚህ ከመስጠትዎ በፊት አጥበው በደንብ ያድርቁት፤ ጫማ ከሆነም እንዳይነጣጠል ማሰሪያውን አንድ ላይ ይቋጥሩት።