የቤተሰብ ሽርሽር በደብረ ማርቆስና በጮቄ ተራሮች

ደብረ ማርቆስ በአማራ ክልል የምሥራቅ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,446 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጮቄ ተራሮች በስተደቡብ የምትገኝ ሲሆን ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ሲወጣ ውርጭ የሚጥልበት የጮቄ አናት አለ፤ ወደ ደቡብ በየጁቤ በኩል ሲወረድ ደግሞ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ያዘቀዝቃል። ስለዚህ ልጆች በትምህርት ቤት ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ እያሉ የሚሸመድዱትን የአየር ጠባይ ክፍፍል፣ ደብረ ማርቆስን ማረፊያ ያደረገ ቤተሰብ በጥቂት ቀናት ውስጥ በዓይኑ ሊያየው ይችላል።

በከተማዋ ውስጥ

ከተማዋ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። የዛሬ ስሟን ያገኘችው በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ንጉሡ፣ በፊት ስማቸው ራስ አዳል ተሰማ፣ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ የነገሡ ናቸው። የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ለሕፃናት የሚስማሙት ሥዕሉን እያሳየ ታሪኩን የሚተርክላቸው ሰው ሲገኝ ነው፤ ያለዚያ ቶሎ ይሰለቻሉ። የንጉሡ ቤተ መንግሥትም በከተማዋ የሚገኝ ሲሆን፣ ኋላ ልጃቸው ራስ ኃይሉ በአውሮፓ አሠራር አሳድሰውታል።

ለትልልቅ ልጆች ከሕንፃው ይልቅ የሚቀርባቸው ሐዲስ ዓለማየሁ ሳይሆኑ አይቀሩም። ደራሲው በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ቦታ ተወለዱ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ተራኪነት በሬዲዮ ከተላለፈ ወዲህ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እንኳ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ያውቃል። የታሪኩ መቼት የሆነችው ዲማ በብቸና አቅራቢያ የምትገኝ እውነተኛ ቦታ ናት፤ የዲማ ጊዮርጊስ ገዳምም በቅኔ ትምህርቱና በብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ነው። ልብ ወለዱን የሚያውቅ ወላጅ ከብቸና ወደ ዲማ ሲሄድ ለልጆቹ የሚያወጋው አያጣም።

ጮቄ

የአካባቢው ዋናው መስህብ ጮቄ ነው። ከፍተኛው ቦታ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያና በድጓ ጽዮን አድርጎ ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድ ተራራውን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ በእግር ብዙ መጓዝ የማይችሉ አያቶችና ሕፃናትም በመኪና ወደ ከፍታው መድረስ ይችላሉ።

ጮቄ ከስሜን ተራሮች በመልኩ ይለያል። ስሜን በገደል የተከበበ ነው፤ ልጅን እጁን ሳይለቁ መሄድ ይጠይቃል። ጮቄ ግን ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ቀጭን የቀለጠ ዓለት በሰፊው እየፈሰሰ የተከመረበት፣ እንደ ተደፋ ጋሻ ዝርግ የሆነ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ስለዚህም አብዛኛው ዳገቱ ለዘብ ያለ፣ ሜዳው ሰፊ ነው። ልጆች የሚሮጡበት ቦታ አላቸው።

ይኸው ለዘብተኛነቱ ግን ተራራውን ጎድቶታል። በሬ የሚወጣው ዳገት በመሆኑ ገብስና ድንች እየተከተሉት ማሳው ወደ አናቱ ተጠግቷል፤ የአስታው ቁጥቋጦና የጓሳው ሣር በዚያው ልክ ተመናምኗል። ከጮቄ የሚነሡት ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫና ሌሎችም ወንዞች ወደ ዓባይ ይገባሉ። በክረምት ቀልተው የሚወርዱት ከማሳው አፈር ይዘው ነው፤ ያ አፈር በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ያመራል። ምንጭ ከሣር ሥር ጠርቶ ሲወጣ ያየ ልጅ፣ ታች ሲወርድ ያንኑ ውኃ ጭቃ ሆኖ ያገኘዋል። በአካባቢው ተፈጥሮን ሳይጎዱ እንግዳ ለማስተናገድ የተጀመረው ሥራ በ2015 ዓ.ም. ዕውቅና አግኝቷል፤ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄን ኢኮ መንደር ምርጥ ከሚላቸው የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አስገብቶታል።

ሕፃናትን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቃቸው ጅባራ ነው። ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ተክል ሲታይ ዛፍ ይመስላል፤ ከሰው ቁመት በብዙ ይበልጣል። ሌሊት ሲበርድ ቅጠሎቹን ወደ እምቡጡ ሰብሰብ በማድረግ ከውርጭ ይከላከላል። ለብዙ ዓመታት ካደገ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ዘለላ አውጥቶ፣ ዘር በትኖ ይደርቃል። የቆመን ጅባራ ለጨዋታ መገንደስ የዓመታትን ዕድገት ማጥፋት ስለሆነ ልጆችን አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ከፍታውና ብርዱ

በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከ60 እስከ 65 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ውኃ በ87 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ ድንቹም ለመብሰል ይቆያል። ከቆላ በአንድ ቀን የወጣ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሊሰማው ይችላል። ትልቅ ልጅ ራሴን አመመኝ ይላል፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን ግን መናገር ስለማይችል ምልክቱ ያለ ምክንያት መነጫነጭ፣ መጥባት እንቢ ማለትና እንቅልፍ ማጣት ነው። በዚህ ጊዜ ጉዞውን ትቶ ወዲያው ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል፤ ጥቂት መቶ ሜትሮች እንኳ ለውጥ ያመጣሉ። ከቆላ ወይም ከሩቅ የመጣ ቤተሰብ ቢያንስ አንድ ሌሊት ደብረ ማርቆስ አድሮ ቢወጣ ይሻለዋል።

ክረምት ላይ ጉሙ ሁሉን ይሸፍናል፣ መንገዱም ይጨቀያል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ሜዳው በአበባ የሚደምቅበት ጊዜ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ንጋት ላይ ግን ሣሩ በአመዳይ ነጭቶ ይታያል። ጋቢና የጆሮ መሸፈኛ ያለው ቆብ ያስፈልጋል፤ ፀሐዩም ብርድ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም፣ ፊት ይልጣል። ለስንቅ በሶና ቆሎ ከማንኛውም የታሸገ ምግብ ይሻላሉ። የደብረ ማርቆስ ስመ ጥር አረቄ ብርድ ያበርዳል ቢባልም ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ እንዲያጣ ያደርጋል፤ ለወላጆችም ቢሆን ከተራራ ከተመለሱ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ወደ ዓባይ

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቤተሰብ ጉብኝቱን የሚጀምረው ጎሐ ጽዮንና ደጀን መካከል ባለው የዓባይ ሸለቆ ነው። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ይወጣል። ከታች በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውና በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ አለ፤ አሮጌው ድልድይም ከጎኑ ይታያል። በመንገዱ ዳር የሚቀመጡትን ዝንጀሮዎች ከመኪና ማየት ደስ ይላል፣ ምግብ መወርወር ግን ሰው ላይ ያስደፍራቸዋል።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ የሚገኘው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ከተሰበረ በኋላ ሰዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ከወዲህና ከወዲያ በሚጎተት ገመድ ተንጠልጥለው ይሻገሩ ነበር። በ1990ዎቹ ቢጠገንም ጎርፍ መልሶ ወሰደው፤ አሁን ያለው ተንጠልጣይ ድልድይ በ2001 ዓ.ም. የተሠራ ነው። ቁልቁለቱ ረጅም፣ ሸለቆውም ሞቃት ስለሆነ ትንንሽ ልጆች ላሉት አይመከርም፤ ለመመለሻው ዳገት በቂ ውኃ መያዝ ግድ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት የተነሣ ጉዞ አስተማማኝ ባለመሆኑ፣ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሁኔታ በየከተማው ካሉ ነዋሪዎች መጠየቅ ያስፈልጋል።