ወተት የሚጨምረው መርፌና ድራት የሚያመጣው መርፌ

በየሥልጠናው «ወተት የሚጨምረው መርፌ ለእኛ ለምን አይመጣም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂው ሁለት ሆርሞኖችን ቀላቅሎ ነው፤ ስለዚህ ለየብቻ እንያቸው።

ወተት የሚጨምረው ቢ.ኤስ.ቲ. የተባለ የእድገት ሆርሞን ነው። ላሟ ራሷ ከአንጎሏ ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ታመነጨዋለች፤ ለመርፌ የሚሆነው በባክቴሪያ አማካይነት ይመረታል። አሜሪካ በ1993 እ.ኤ.አ. ፈቀደችው፤ ካናዳ በ1999 እ.ኤ.አ. አልፈቅድም አለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም አግዶታል። ሁለቱም የጠቀሱት የላሟን ጤና ነው፦ የጡት በሽታና የእግር ሕመም ይበዛል። መርፌው በየ14 ቀኑ ይሰጣል፤ በደንብ በምትቀለብ ላም ላይ ወተቱን ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ይጨምራል። «በምትቀለብ» የሚለውን ልብ በሉ። ሆርሞን መኖ አይደለም፤ የበላችውን ወደ ጡቷ እንድታዞር ያደርጋታል እንጂ። በገለባ ብቻ የምትኖር ላም ብትወጋ የምትሰጠው ከገዛ ሥጋዋ ነው። ደግሞም 10 ሊትር ለምትታለብ ላም ጭማሪው ከአንድ ተኩል ሊትር አይበልጥም። በቀን አንዴ የምትጠጣ ላም ውሃ እንደልቧ ብታገኝ፣ ፋጉሎም ቢታከልላት ይህን ያህል ብትጨምር አይገርመኝም።

በእኛ ዘንድ አዳቃይ ቴክኒሻኑ የሚወጋው ፕሮስታግላንዲን ነው። ወተት አይጨምርም፤ ድራት ያመጣል። በላሟ እንቁላል ማምረቻ ላይ የሚገኘውን ቢጫ አካል ያሟሽሻል፤ ከ2 እስከ 5 ባሉት ቀናት ውስጥም ላሟ ኮርማ ትፈልጋለች። ከስታ ድራቷ ጭራሽ የቆመ ላም ግን ቢጫ አካል ስለሌላት መርፌው ከንቱ ነው፤ አስቀድማችሁ ቀልቧት።

ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። እርግዝናን የሚጠብቀውም ይኸው ቢጫ አካል ስለሆነ፣ የከበደች ላም ከተወጋች ታስወርዳለች። አንድ አባወራ «አልተጠቃችም» ብለው አስወግተው ጽንሱ ወርዶባቸዋል፤ መስክ ላይ ኮርማ እንዳገኛት የሚያውቀው እረኛው ልጃቸው ነበር፤ እሱን የጠየቀው የለም። ስለዚህ ከመርፌው በፊት እረኛውን ጠይቁ፤ ቴክኒሻኑም እጁን አስገብቶ ሳይመረምር እንዳይወጋ። መድኃኒቱ በቆዳ ስለሚገባ ነፍሰ ጡር ሴትና አስም ያለበት ሰው ብልቃጡን አይንኩ።

ከተወጋች በኋላ ጠዋትና ማታ ተከታተሏት፦ ሌሎች ሲወጡባት ቆማ ከቻለች ድራት ነው። ጠዋት ካያችሁ ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ካያችሁ በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል።