ጠጁ የኮመጠጠው በጌሾው ምክንያት ነው?

የምግብ ኬሚስት መሆኔን የሚያውቅ ሁሉ በበዓል ማግስት ይደውልልኛል፦ «ጠጁ ለምን ኮመጠጠ?» ብዙዎች ጌሾ አንሶት ነው ይላሉ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው በግማሽ በቀረው ጀሪካን ውስጥ ያለውን አየር ነው።

ሲጠነሰስ አየር አይጎዳም፤ እርሾው ኦክስጅኑን ለመራባት ይጠቀምበታል። ከፈላ በኋላ ግን አየር የሚወዱ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጡታል። የማሩ መዓዛም ይደበዝዛል።

ስለዚህ ስትገለብጡ ከከፍታ አታንቆርቁሩት (እናቴም ታንቆረቁር ነበር፤ አረፋው ያምራላ!)። ንጹህ ቱቦ እስከ ዕቃው ግርጌ አስገብታችሁ ቀስ ብሎ እንዲወርድ አድርጉ። ትንንሽ ጠርሙሶችን እስከ አንገታቸው ሞልታችሁ ፍሪጅ ውስጥ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ አኑሩ።

ፍላቱን ያልጨረሰ ጠጅ ግን አጥብቃችሁ አትክደኑ፤ ጋዙ ጠርሙስ ያፈነዳል።

የኮመጠጠውን መመለስ አይቻልም፤ ለሰላጣ ይሁን። የእናንተስ በምን ዕቃ፣ በስንተኛው ቀን ኮመጠጠ? ጻፉልኝ።