ፐንክ ሮክ፦ ከቁጣ ወደ ሙዚየም

ጸጉሩን አቁሞ የተቀደደ ልብስ የለበሰ ወጣት ስታዩ ምን ታስባላችሁ? ፐንክ ሮክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒውዮርክና በለንደን ተጀመረ፤ በእንግሊዝ ሥራ አጥነት ያስመረራቸው ወጣቶች ቁጣቸውን ገለጹበት። አንዳንዶቹ ግን በአደንዛዥ ዕፅ ተጠመዱ። የሴክስ ፒስትልሱ ሲድ ቪሸስ በ1979 በ21 ዓመቱ በሄሮይን ሞተ። በ1981 ግን ማይነር ትሬት የተባለው የዋሽንግተን ዲሲ ፐንክ ቡድን መጠጥንና ዕፅን የሚቃወም ዘፈን አወጣ፤ ብዙ ወጣቶችም ይህን አቋም ያዙ። በ1994 የወጣው የግሪን ዴይ አልበም በሚሊዮኖች ተሸጠ፤ በ2013 ደግሞ የፐንክ አለባበስ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለእይታ ቀረበ። እንግዲህ ፐንክ አንድ መልክ ብቻ የለውም። ልጃችሁ ይህን ሙዚቃ ቢሰማ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት የትኛውን ቡድን እንደሚሰማና ግጥሙ ምን እንደሚል ጠይቁት።