እንሶስላ፦ የጥላ አበባና መድኃኒትነቱ

እንሶስላ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በወንዝ ዳርቻ፣ በገደል ግርጌና ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ፣ እርጥበት በማይለየውና ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው መሬት ላይ የሚበቅል፣ ግንዱ ውሃ የቋጠረና በቀላሉ የሚሰበር፣ ሥሩ ግን ለዓመታት የሚኖር ተክል ነው። ኢምፔሸንስ ቲንክቶሪያ የተሰኘውን ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው የሀገሪቱን እጽዋት በመጽሐፍ ካሰባሰበው ፈረንሳዊ ሊቅ ከአሺል ሪሻር ሲሆን፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በምሥራቅ ኮንጎ ተራሮችም ይገኛል። ከተሜው ተክሉን የሚያውቀው በገበያ ተቆልሎ በሚሸጠው ሥሩ ነው፤ አበባውን ቢያሳዩት እንሶስላ መሆኑን የሚለይ ጥቂት ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ከተሞች ሰንዳፋ የጤፍና የስንዴ ማሳ የከበበው ገላጣ ሜዳ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ፣ በሱሉልታና በቡራዩ በኩል ያሉት ኮረብታዎችም በአብዛኛው በምኒልክ ዘመን ወደ ሀገር በገባው ባሕር ዛፍ በመሸፈናቸው፣ እንዲህ ላለ ጥላና እርጥበት ወዳድ ተክል የሚመች መሬት የቀረው በጅረቶች ዳር ነው። ለሰበታ ቅርብ የሆነውና በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ግን ከጥንት የተረፈ የጽድ፣ የዝግባና የኮሶ ደን ስለሆነ ለዚህ ዓይነቱ ተክል ተስማሚ ነው። ይህን ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል።

ተክሉን ለመለየት ከሁሉ የሚረዳው አበባው ነው። በክረምት ከሥሩ ተነሥቶ የሰው ቁመት ሊያክል የሚችለው ግንድ ረጃጅም የአበባ ዘንጎች ያወጣል፤ በእነዚህም ላይ ሰፋፊ ነጭ አበቦች ይከፈታሉ፤ የአበባው መሐል ደማቅ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለበት ሲሆን፣ ከኋላው ደግሞ ኔክታር የሚባለውን ጣፋጭ ፈሳሽ የያዘ፣ ቀጭንና ቆልመም ያለ ረጅም ጅራት ይወጣል። ይህን ፈሳሽ ሊደርስበት የሚችለው ረጅም ምላስ ያለው የእሳት ራት በመሆኑ፣ አበባው ነጭ ሆኖ በምሽት መዓዛ መስጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሬው ሲበስል ገና ሲነኩት ፈንድቶ ዘሩን ይረጫል። ይህ የመፈንዳት ባሕርይ ግን የዘመዶቹም ሁሉ ስለሆነ ብቻውን መለያ ሊሆን አይችልም፤ ለምሳሌ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅለው ኢምፔሸንስ ሮቲ ፍሬው እንዲሁ ይፈነዳል፣ አበባው ግን ቀይ ነው።

ለአገልግሎት የሚውለው ድንች መሰሉ ሥር ነው። ሥሩ ታጥቦ ይከተፋል ወይም ይወቀጣል፤ ከዚያም በመዳፍ፣ በጥፍርና በውስጥ እግር ላይ ተደርጎ በቅጠል ወይም በጨርቅ፣ ዛሬ ዛሬ በፌስታል፣ ተጠቅልሎ ያድራል። እንሶስላ መሞቅ የሚባለው ይህ ነው፤ ሙሽራና ሚዜዎቿ ለሠርግ፣ ሌሎች ሴቶችም ለበዓል ይሞቁታል። ቀለሙን የሚሰጡት ናፍቶኪኖን የሚባሉ ውህዶች ሲሆኑ፣ የሂና ማቅለሚያ የሆነው ላውሶንም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ውህዶቹ ኬራቲን ከሚባለው የቆዳ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቁ ቀለሙ በሳሙና አይለቅም፤ የሚጠፋው የላይኛው ቆዳ ሲታደስ ነው። የኬራቲን ንብርብሩ በወፈረበት በመዳፍና በተረከዝ ላይ ይበልጥ የሚጠቁረውም ስለዚህ ነው።

መድኃኒትነቱም ከማቅለሙ የተለየ አይደለም። ገበሬው የተሰነጠቀ ተረከዝ እንዲጠነክርለት፣ በእግር ጣቶች መካከል የሚወጣው የፈንገስ ቁስልም እንዲደርቅለት ይሞቀዋል፤ ከዚህ ወገን ከሆኑ እጽዋት የሚገኙ ናፍቶኪኖኖች ፈንገስን እንደሚገቱ በቤተ ሙከራ መታየቱም ልማዱን ይደግፋል። ለሆድ ሕመምና ለማስቀመጥ ሥሩን ቀቅሎ የመጠጣት ልማድም አለ፤ መጠኑ በውል ያልተወሰነ ነገር ስለሆነ ግን ይህን መተው ይበጃል። ላውሶን፣ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በጎደላቸው ሕፃናት ላይ ቀይ የደም ሴሎችን እንደሚሰብር ከሂና አጠቃቀም የታወቀ በመሆኑ፣ ሕፃናትን እንሶስላ አለማስሞቅ ይመረጣል።

ሥሩ ተነቅሎ የሚሸጥ ተክል ከጫካ ብቻ እየተለቀመ ሊዘልቅ አይችልም። በሰበታም ሆነ በሰንዳፋ ጥላና ውሃ ያለው ጓሮ ያለው ሰው ቡቃያ ያለበትን የሥር ቁራጭ በክረምት መግቢያ ቢተክል ይበቅልለታል፤ ከዱር የሚለቅምም ፍሬው ዘሩን እስኪረጭ ቢታገሥና ከሥሩ ከፍሎ የቀረውን አፈር ቢያለብሰው፣ በሚቀጥለው ክረምት ከዚያው ቦታ ያገኘዋል።