ተጎድቶ የመጣን ቡችላ ስለ ማሳደግ

በኩየራና በአካባቢዋ ድንች፣ ስንዴና በቆሎ የሚያመርት ገበሬ ግቢ ያለ ውሻ እምብዛም አይገኝም። ጃርት በሌሊት ድንቹን ሲቆፍር፣ ጅብ ወደ በጎቹ ሲጠጋ ቀድሞ የሚሰማው ውሻው ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጠባቂ ብዙውን ጊዜ ወደ አዲሱ ጌታው የሚደርሰው ያለ ጊዜው ከእናቱ ተነጥቆ በጆንያ ታፍኖ፣ አለዚያም ከመንገድ ዳር ተርቦና ተደብድቦ ነው። ስለ ዘርና ማዳበሪያ መጻፍ የለመድን ሰዎች ወደ ቡችላ መዞራችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ልጆቻችን የሚነከሱት በዚሁ ግቢ ውስጥ ነው።

ውሻ ኃይለኛ እንዲሆን ከልጅነቱ በጨለማ ማሰር፣ ማስራብና መምታት ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ይህን አንቀበልም። በፍርሃት ያደገ ውሻ ሌባውን ከጎረቤት ልጅ አይለይም፤ ከፊቱ የተነሣውን እጅ ሁሉ ይነክሳል። ቡችላ ሰውን፣ ከብትንና የቤቱን ድምፅ በሚገባ የሚላመደው ከተወለደ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ከእናቱም ከ8 ሳምንት በፊት ባይለይ ይመረጣል። በዚህ ጊዜ የተጎዳውን መካስ ይቻላል፤ የሚጠይቀው ግን ትዕግሥት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነፋስና ዝናብ የማይደርስበት ጥግ፣ ገለባ ወይም አሮጌ ጆንያ ተነጥፎለት ይተው። ውሻ ቤት እንዳይገባ የሚከለክል ልማድ ባለበት ቤተሰብ የጎተራው ሥር ወይም የደጃፉ ጥግ ይበቃል። ከተሸሸገበት ጎትቶ ማውጣት አይገባም። አንድ ሰው፣ ሁልጊዜ ያው ሰው ቢሆን ይሻላል፣ ምግቡን አስቀምጦ ጥቂት ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ዓይን ዓይኑን አይየው። ቡችላው ራሱ መጥቶ እጅ ሲያሸት ከአናቱ ሳይሆን ከደረቱ በኩል ይዳሰስ። አንዳንዱ በሦስት ቀን ይለምዳል፣ ሌላው ወር ይፈጅበታል። ልጆች ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት አስቀድሞ ይነገራቸው።

የተራበ ነውና ይጥገብ ብሎ በአንድ ጊዜ ብዙ ማብላት ሆዱን ያበላሻል። እስከ ሦስት ወር ዕድሜው ምግቡን በቀን አራት ጊዜ ከፋፍሎ መስጠት ይገባል፦ በውኃ የራሰ እንጀራ ወይም ቀጭን ገንፎ ከተቀቀለ እንቁላል ወይም ከጥቂት ሥጋ ጋር። የወጥ ትራፊ እንዳይሰጠው፤ በርበሬው ብቻ ሳይሆን ሽንኩርቱ የውሻን ደም ይጎዳል። የላም ወተት ብዙውን ቡችላ ያስቀምጠዋል። ከዕርድ የተረፈ ጥሬ ሳንባና ጉበትም ፈጽሞ አይጣልለት፤ ከዚያ የሚይዘው ትል እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ሲገባ በጉበትና በሳንባ ላይ እባጭ ያበጃል።

ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ የከሳ ቡችላ ወስፋት እንዳለበት መጠርጠር ይገባል። ወስፋት ገና በማኅፀን ሳለ፣ ኋላም በወተት ከእናቱ ስለሚተላለፍ ንጹሕ ቤት የተወለደውም አያመልጥም። መድኃኒቱ በክብደቱ ልክ በእንስሳት ክሊኒክ ይሰጠው እንጂ ለበግ ከተገዛው በግምት አይቆረስለት። በተለይ ልናስጠነቅቅ የምንወደው ለከብት መዥገር የሚረጨውን መድኃኒት ለቁንጫ ብሎ በቡችላ ላይ ማፍሰስን ነው፤ ሊገድለው ይችላል። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥቦ፣ በፀሐይ አድርቆ፣ መዥገሩን በእጅ መልቀም ይሻላል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት ከታየበት ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይዘገይ ወደ ክሊኒክ ይወሰድ።

ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይወጋ፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገምለት። የበሽታው ጉዳት በሰው ብቻ አይቆምም። በባሌ ተራሮች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 እና በ2008 ከውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ፣ ከአገራችን በቀር የትም የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ በብዛት ፈጅቷል።

ቡችላ ነውና ምን ያመጣል ተብሎ ንክሻው መናቅ የለበትም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ቅጠልም ሆነ ቅቤ ሳይቀባ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።